ባለመኪናና ባልንጀራው
ስለ ተሽከርካሪ መድን ግዴታና ክፍያ ለቤተ ሰብ የቀረበ ምክር

ከወገራ ገጠር አንዲት እናት ወደ እኛ መጥታ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘችውን ወረቀት ፈታ፥ «የኔታ፥ እባክዎ ይህን ያንብቡልኝ፤ ለልጆቼ ማሳደጊያ የሚሆን ነገር በውስጡ እንዳለ ይንገሩኝ» አለችን።

ወረቀቱ የእርቅ ውል ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ባልዋ ከገበያ ሲመለስ በመንገድ ዳር የጭነት መኪና ገጭቶ ገድሎታል። ሾፌሩ ልበ ደንዳና ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌ ልኮ፥ ድንጋይ ተሸክሞ፥ አልቅሶ ታረቀ። ለመግነዝና ለተዝካር የሚሆን ገንዘብ ተሰጣት፤ እርስዋም «ከእንግዲህ ወዲህ ጥያቄ የለኝም» ከሚለው ቃል ሥር በአውራ ጣቷ ፈረመች። በወረቀቱ ላይ የሽማግሌዎቹ ስም በሙሉ ተጽፎአል። የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ግን አልተጻፈም፤ የባለቤቱ ስም የለም፤ የመድን ድርጅቱም ስም የለም። ነገሩ በእርቅ አልቆአል ተብሎ ለፖሊስ እንኳ አልተነገረም። ከሦስቱ ልጆችዋ ታላቁ ትምህርቱን ትቶ የሰው ከብት ይጠብቃል።

እኛም አንብበን ከጨረስን በኋላ መልሱ ከበደን። በዚያ መኪና መስተዋት ላይ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ ሳትሆን አልቀረችም፤ ያችም ወረቀት ሕግ ለእርስዋና ለልጆችዋ ብሎ ያዘዘው ዋስትና ምልክት ነበረች። ይህን የነገራት ግን አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ተሽከርካሪ መድን ልንጽፍ ወደድን፤ መኪና ላለው ብቻ አይደለም፤ መኪና ለሌለውና በመንገድ ዳር ለሚሄደውም ጭምር ነው።

መንገዱና ሕጉ

የመጀመሪያይቱ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰችው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነበር። ከጎንደር ተነሥቶ በኮሶዬ፥ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደባርቅ የሚደርሰው፥ ከዚያም በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ የሚወርደው የመኪና መንገድ ደግሞ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቀደደ ነው። አባቶቻችን በእግርና በበቅሎ ይሄዱበት የነበረው ደጋ እንዲህ ሆኖ የመኪናም መንገድ ሆነ። ነገር ግን እግረኛው መንገዱን አልለቀቀም። ዛሬም በዚያው አስፋልት ላይ ገበያተኛው፥ እረኛው ከነመንጋው፥ ተማሪው ከነደብተሩ፥ ካህኑ ከነመቋሚያው ከጭነት መኪናው ጋር አብረው ይሄዳሉ። ክረምት ሲገባ ጉሙ ይወርድና ሾፌሩ በፊቱ ያለውን ከብት ለማየት ይቸገራል። በጎንደር ከተማም ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ባጃጁና ሚኒባሱ ከሕዝቡ ጋር ይጋፋል፤ በጥምቀት ሰሞን ምእመናን ወደ ፋሲል መጠመቂያ ሲጎርፉ የሚሆነውን መጨናነቅ ያየ ያውቀዋል።

እንግዲህ ሰውና መኪና በአንድ መንገድ ከሄዱ ዘንድ፥ መኪናው ሰውን ሲጎዳ ካሣውን ማን ይክፈል? በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 ላይ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ሰጥቶአል። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፥ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። መኪናው በዚያ ጊዜ ተሰርቆ እንደ ነበረ ካላስረዳ በቀር «እኔ በቦታው አልነበርኩም» ማለት አያድነውም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 የተጻፈውን ስለ ተዋጊው በሬ የተሰጠውን ሥርዐት ያስታውሱአል። በዚያ የበሬው ባለቤት የሚጠየቀው የበሬውን አመል አስቀድሞ አውቆ ያልጠበቀው እንደ ሆነ ነው። በመኪና ነገር ግን የዛሬው ሕግ ከዚያ ይልቅ ይጠነክራል፤ መኪና ሁልጊዜ ተዋጊ በሬ እንደ ሆነ ይቈጥረዋልና።

ሕጉ ኃላፊነቱን በባለቤቱ ላይ ቢጥልም፥ ባለቤቱ ድሀ ከሆነ ተጎጂው ባዶ እጁን ይቀራል። መድን የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። በአገራችን የመድን ሥራ ሥር የሰደደ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መድን ኩባንያ የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነበር። በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹ ሁሉ በመንግሥት ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተመሠረተ፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንዲሠሩ ተፈቀደ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን መኪናውን መድን የሚያስገባው የፈቀደ ብቻ ነበር። ማንኛውም ባለመኪና ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገደደው አዋጅ ቁጥር 559 በ2000 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 799 ተተካ።

ሦስተኛ ወገን ማን ነው?

በመድን ውል ውስጥ አንደኛው ወገን ባለመኪናው፥ ሁለተኛው ወገን የመድን ድርጅቱ ነው። ሦስተኛ ወገን የሚባለው በውሉ ሳይኖርበት በመኪናው የሚጎዳው ሰው ነው። ዘንቢል ይዛ ወደ ገበያ የምትሄደው ሴት፥ በጎቹን የሚነዳው እረኛ፥ አጥሩ የሚፈርስበት ጎረቤት ሦስተኛ ወገን ናቸው። ባለቤቱና በዚያ ሰዓት የሚነዳው ሾፌር ግን ሦስተኛ ወገን አይባሉም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ለዓመታዊው ምርመራና ለቦሎ ሲሄድ የሦስተኛ ወገን ወረቀት ተጠይቆ ይከፍላል፤ ወረቀቱን በመስተዋቱ ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያም «መኪናዬ ኢንሹራንስ አላት» ብሎ ይተኛል። ነገር ግን መኪናው በሊማሊሞ ቢገለበጥበት በዚያ ወረቀት አንዲት ብሎን እንኳ አይጠገንለትም። የከፈለው ለራሱ አይደለም፤ ለማያውቀው ባልንጀራው ነው። ይህን ሲሰሙ የሚያዝኑ አሉ፤ እኛ ግን ደስ ሊላቸው ይገባል እንላለን። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዞአል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ የሞተ እንደ ሆነ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። መከታው የቤቱን ግድግዳ አያጠነክርም፤ የሚጠብቀው እንግዳውን ነው። የሦስተኛ ወገን መድንም እንዲሁ ነው።

የክፍያው ወሰን

መድን ድርጅቱ የሚከፍለው ወሰን አለው። በ2005 ዓ.ም. አዋጅ በወጣበት ጊዜ ስለ ሞት ከ5 ሺህ ብር የማያንስ ከ40 ሺህ ብር የማይበልጥ፥ ስለ አካል ጉዳት እስከ 40 ሺህ ብር፥ ስለ ንብረት እስከ 100 ሺህ ብር፥ ለአስቸኳይ ሕክምናም እስከ 2 ሺህ ብር ተብሎ ተደንግጎ ነበር። ይህን የምንጽፈው ሥርዐቱን ለማስረዳት ነው፤ የገንዘቡ መጠን በሕግ የሚሻሻል ስለ ሆነ፥ ባለመኪናም ተጎጂም በጉዳዩ ጊዜ የሚሠራበትን ልክ ከመድን ድርጅቱ ጠይቆ ይረዳ።

ከቁጥሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፤ የመድኑ ወሰን የባለቤቱ ኃላፊነት ወሰን አይደለም። ለምሳሌ ያህል ወሰኑ 40 ሺህ ብር በነበረበት ጊዜ ፍርድ ቤት ለሟች ቤተ ሰብ 100 ሺህ ብር ካሣ ቢፈርድ፥ ቀሪው 60 ሺህ ብር ከባለመኪናው ኪስ ይወጣል። ከኪሱ ካልተገኘ ከቤቱና ከንብረቱ ይወጣል። ስለዚህ በመኪናው የሚተዳደር ሰው ሕግ ያዘዘውን ትንሹን ልክ ብቻ ይዞ ከመቀመጥ፥ ተጨማሪ ከፍሎ ከፍ ያለ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ለማግኘት እንዲችል ድርጅቱን ይጠይቅ።

ስለ አስቸኳይ ሕክምና የተደነገገውንም ማለፍ አይገባም። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው በሐኪም ቤት በር ላይ ገንዘብ እስኪቈጠር ድረስ ደሙ እንዳይፈስ፥ የመጀመሪያውን ሕክምና እንዲያገኝ ሕጉ መብት ሰጥቶታል። ደጉ ሳምራዊ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ የጎደለውንም ስመለስ እከፍላለሁ ማለቱን ያነበብን ሁሉ፥ የዚህ ድንጋጌ መንፈስ እንግዳ አይሆንብንም።

ገጭቶ የሸሸ መኪና ቢሆንስ? መኪናው መድን ያልገባ ቢሆንስ? ለዚህም መድኅን ተበጅቶለታል። የመድን ድርጅቶች ከሚሰበስቡት የሦስተኛ ወገን ክፍያ ድርሻ እየተወሰደ የሚጠራቀም የመድን ፈንድ አለ፤ ይህን ፈንድ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ይባላል። ገጪው ያልታወቀበት ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ የጎዳው ሰው የፖሊስና የሐኪም ማስረጃ ይዞ ከዚያ ካሣ መጠየቅ ይችላል። በገጠር ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ እባካችሁ ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩ።

የራስን መኪና ስለ መጠበቅ

ባለመኪናው የራሱን ንብረት ከግጭት፥ ከመገልበጥ፥ ከእሳትና ከሌባ ለመጠበቅ ቢፈልግ ሙሉ ኢንሹራንስ የሚባለውን ይገባል። ይህ በፈቃድ እንጂ በግዴታ አይደለም፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። በመድን ሰዎች ቋንቋ አረቦን የሚባለው ክፍያ የሚሰላው እንዲህ ነው። የሦስተኛ ወገኑ አረቦን በተሽከርካሪው ዓይነት፥ በወንበሩ ወይም በጭነቱ ልክና በሚሰጠው አገልግሎት ይለያያል፤ የቤት መኪና፥ ታክሲ፥ አውቶቡስ፥ የጭነት መኪናና ባጃጅ አንድ አይደሉም። የሙሉው ኢንሹራንስ አረቦን ግን በዋናው የመኪናው ዋጋ ከመቶ እጅ ተሰልቶ ይወጣል፤ የመኪናው ዕድሜና የቀድሞ የጉዳት ታሪክም ይታያል። ለዓመታት ካሣ ሳይጠይቅ የቈየ ደንበኛ ቅናሽ ሊያገኝ ስለሚችል ውል ሲያድስ መጠየቅን አይርሳ።

በዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ዋጋን አሳንሶ መጻፍ ነው። አረቦን እንዲቀንስለት ብሎ 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣውን መኪና በ500 ሺህ ብር ያስመዘገበ ሰው፥ የ200 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስበት ድርጅቱ ግማሹን፥ ማለት 100 ሺህ ብር ብቻ ሊከፍለው ይችላል፤ የመኪናውን ግማሽ ብቻ አስገብቶአልና ሌላውን ግማሽ ራሱ መድን እንደ ሆነ ይቈጠራል። ይህ በተንኰል ብቻ የሚሆን አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ እጅግ ጨምሮአል፤ በአሮጌው ዋጋ ውሉን እያደሰ የሚኖር ቅን ሰውም ሳያውቀው በዚሁ ወጥመድ ይወድቃል። ስለዚህ በየዓመቱ ዋጋውን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የአገልግሎቱን ዓይነት መደበቅ ነው። በቤት መኪና ስም መድን ገብቶ ተሳፋሪ በኮንትራት የሚያመላልስ ሰው በችግሩ ጊዜ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ሦስተኛው ውሉን ሳያነቡ መፈረም ነው። ያለ መንጃ ፈቃድ ወይም በማይመጥን መንጃ ፈቃድ መንዳት፥ ሰክሮ መንዳት፥ ከልክ በላይ መጫን ዘወትር ከሽፋኑ ውጭ የሚደረጉ ነገሮች ናቸው። ጦርነትና ሁከት ያደረሰው ጉዳትም በተራው ውል አይሸፈንም፤ ይህን ለብቻው በተጨማሪ ክፍያ የሚሸፍኑ ድርጅቶች ስላሉ፥ በሰሜን ጎንደር መንገድ የሚሠራ ሰው ከመፈረሙ በፊት በግልጽ ይጠይቅ። ደግሞም ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለመኪናው ራሱ የሚችለው ድርሻ፥ በተለምዶ ኤክሰስ የሚባለው፥ ስንት እንደ ሆነ ይወቅ። አረቦኑ የረከሰ ውል ብዙ ጊዜ ይህ ድርሻ የከበደበት ውል ሆኖ ይገኛል።

«ዘንድሮ ከፍዬ ምንም አልደረሰብኝም፤ ገንዘቤ ባከነ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህን ሰዎች ስለ እድራቸው ብንጠይቃቸው እንዲህ አይሉም። በየወሩ ለእድር የሚከፍል ሰው፥ ዓመቱን ከቤቱ ሬሳ ባይወጣ፥ «ተመስገን» ይላል እንጂ ገንዘቤ ባከነ አይልም። የከፈለው ለጎረቤቱ ኀዘን ድንኳን ሆኖአልና። መድንም ሰፊ እድር ነው፤ አባሎቹ ግን አይተዋወቁም።

እግዚአብሔርን አለማመን ነውን?

አንዳንድ አረጋውያን «ጠባቂዬ እግዚአብሔር ነው፤ ኢንሹራንስ ምን ያደርግልኛል?» ሲሉ እንሰማለን። እምነታቸውን እናከብራለን። ነገር ግን በእግዚአብሔር ታምኖ ነፍሱን የሰጠ ሰው በሰገነቱ ላይ መከታ መሥራትን አልተከለከለም፤ እንዲያውም ታዘዘ። ደግሞም ግዴታው መድን የሚጠብቀው ባለመኪናውን ሳይሆን ሌላውን ሰው ነው። በራሴ ጉዳይ እግዚአብሔርን ታምኛለሁ ማለት እምነት ነው፤ በሌላው ሰው ልጆች እንጀራ ላይ ግን እንዲህ ማለት እምነት ሳይሆን ቸልተኝነት ይሆናል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ፥ ሸክሙ ከመምጣቱ በፊት ስንቅ ማዘጋጀትን አልነቀፈም። መድን መግባትም ለሾፌር የጥንቃቄ ምትክ አይሆንም፤ ገንዘብ ሙትን አያስነሣምና።

አደጋ በደረሰ ጊዜ

ባለመኪናው ወይም ሾፌሩ ከሁሉ አስቀድሞ የተጎዳውን ይርዳ፤ ወደ ሐኪም ያድርስ። ከዚያም ለፖሊስ ያስታውቅ፤ ለመድን ድርጅቱም በውሉ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ያመልክት፤ ድርጅቱ ሳያየው መኪናውን አያስጠግን።

የተጎጂው ቤተ ሰብ ደግሞ በኀዘን ውስጥ ሳለ አንድ ልበ ጽኑ ሰው መርጦ ይህን ያስመዝግብ፤ የሰሌዳውን ቁጥር፥ የሾፌሩንና የባለቤቱን ስም፥ በመስተዋቱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የመድን ድርጅቱን ስም፥ ቀኑንና ቦታውን። የፖሊስ ማስረጃና የሐኪም ወረቀት ይያዝ። ጊዜም ገደብ አለው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ እንዲህ ያለው የካሣ ክስ በመደበኛው በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጉዳቱ ከወንጀል የመነጨ ሲሆን ረዘም ያለ ጊዜ ሊገኝ ቢችልም፥ ያን የሕግ ዐዋቂ ይመርምረው እንጂ ማንም በዚህ ተማምኖ አይዘግይ።

ስለ እርቅም አንድ ነገር እንበል። የአገራችን ሽምግልና ደም እንዳይቃባ ያደረገ ትልቅ ሀብት ነው፤ ጌታችንም መባን በመሠዊያ ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድም ጋር መታረቅን አስተምሮናል። ነገር ግን በመድን ውሎች ዘወትር አንድ ቃል ይገኛል፤ መድን ገቢው ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ጥፋቱን በውል አምኖ ካሣ እንዳይዋዋል የሚከለክል ነው። ይህ ቃል ማልቀስን አይከለክልም፤ ለቅሶ መድረስን፥ እግር መሳምን፥ ለተዝካር እህል መላክን አይከለክልም። የሚከለክለው የካሣውን ልክ ቈርጦ መፈረምን ነው። እንግዲህ ሽማግሌዎች ሆይ፥ ልብን አስታርቁ፤ ቂሙን አውርዱ። ነገር ግን «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚለውን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት መድን ድርጅቱ ተነግሮት እንደ ሆነ ጠይቁ፤ የሰሌዳውንም ቁጥር ከስማችሁ በላይ ጻፉ። ባልዋ የሞተባት ሴት በአውራ ጣቷ የምትፈርመው በእናንተ እውቀት ተማምና ነው።

ያችን የወገራ እናት ከሕግ ዐዋቂ ዘንድ አደረስናት። መጀመሪያ የተጠየቀችው ጥያቄ «የመኪናው ሰሌዳ ስንት ነው?» የሚል ነበር። እርስዋም የመኪናውን ቀለም ብቻ ነገረችው፤ ሌላ የምታውቀው አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ የሚያስታውስ እንዳለ ለመጠየቅ ወደ አገርዋ ተመልሳ ሄደች፤ ወረቀቱንም እንደ ቀድሞው በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ይህን ያነበባችሁ ካህናት፥ መምህራንና የእድር ዳኞች በየሰበካችሁ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ወስዳችሁ ንገሩ። መኪና ያላችሁም የዘንድሮውን ውላችሁን አውጥታችሁ በቤተ ሰባችሁ ፊት አንብቡት። ለባልንጀራችሁ የገባችሁት ቃል በውስጡ አለና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።